ሪሞት ለአሮጌ ካሜራ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ሻርጃ ለምትኖሪው ለእህቴ ልጅ ለዊዳድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያ ሁሉን የሚያይ ጌታ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ አለን። ብርዱ ገብቷል፤ የቦርከና ውኃ ቀንሷል፤ ሰፈሩ እንደተውሽው ነው።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወራት አልፏል። ቢከፈትም የእኔ ስልክ ባለቁልፍ ነው። በድምፅ እንዳናወራ ደግሞ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ «አጎቴ» ስትዪ እኔ «ማን ሞተ?» እላለሁ። ነጋዴው ከሊድ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሲመላለስ ወረቀት ለማድረስ እሺ ብሎኛል፤ አላህ ይስጠው።

የእናትሽን ፎቶ እንድልክልሽ ሦስት ጊዜ በሰው አስነግረሻል። የአርባ ዓመት ፎቶ አንሺ የገዛ እህቱን ማንሳት አቃተው ብትዪ አልፈርድብሽም። እጄ ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስሬው እንኳ ቁልፉን ስነካው ይነቃነቃል፤ ምስሉም ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይሆናል። ይኸስ ባልከፋ። እናትሽ ሳሊሃ ደግሞ ካሜራውን ወደ ፊቴ ሳነሳ ትቆጣለች። አጠገቧ ካልተቀመጥኩ አትረጋም። ራሱ ቆጥሮ የሚያነሳበትን ሞከርኩት፤ አሥር ሰከንድ ይሰጠኛል። ተጭኜ እሷ ጋ እስክደርስ እሷ ተነስታ እኔ ጋ ትደርሳለች። ስምንት ጊዜ አነሳሁ። ስምንቱም ላይ ያለው ባዶ መደብ ነው።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ያለ ገመድ የምጫነው ሪሞት። ካሜራው የዱሮ ነው፤ ሲሠሩት ሪሞት አላሰቡለትም። ግን በግራ ጎኑ ትንሽ የላስቲክ ክዳን አለችው፤ ከሥሯ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። እዚያ የሚሰካ ተቀባይና በእጅ የሚያዝ ላኪ አንድ ላይ ተደርጎ ይሸጣል አሉ። እናንተ አገር አይጠፋም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ጣሀ

*

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጣሀ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ እጅዎንም ያጽናልን። እኔ ደኅና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ አራቱን ልጆች ትምህርት ቤት ሰድጄ እስኪመለሱ ቤቱን አቀናለሁ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ዕረፍት አለኝ።

ባለፈው ዓርብ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄጄ ሪሞቱን ፈለግኩ። ሻጩ «ካሜራው ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። «ጥቁር ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ እርስዎ የጻፉልኝን አነበብኩለት፤ የላስቲክ ክዳን፣ በግራ በኩል፣ የዱሮ። «ይኸ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ አንድ ሳጥን ሰጠኝ። ለከሊድ አደራ ብዬዋለሁ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ወር ለጎረቤታችን ለኡሙሰልማ ደውዬ ስልኩን ለእናቴ ስጪያት አልኳት። ሰጠቻት። «እማ፣ ዊዳድ ነኝ» አልኩ። ትንፋሿን ሰማሁ። ከኋላ ዶሮ ሲጮህ ሁሉ ሰማሁ። እሷ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ኡሙሰልማ ተቀብላ «ደክሟት ነው» አለችኝ።

ተቀይማኛለች አይደል? አባቴ ሲሞት ስላልመጣሁ ነው። ማዳም ያኔ ፓስፖርቴን አልሰጥም ብላኝ እንደነበር ነግረዋታል? እኔ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ግን ለቅሶ ላይ ለነበረች ሴት ምን ይገባታል።

እውነቱን ይጻፉልኝ።

ዊዳድ

*

ኮምቦልቻ፣ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዊዳድ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በሰላም ያግኝሽ። ሳጥኑ ደርሷል፤ እጅሽ አይንጠፍ። ሸጋ ዕቃ ነው። ግን አልገባም። የእኛ ካሜራ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ውስጡ ሦስት መርፌ አለው። የላክሽው ገመድ ጫፍ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ቀጭን ነው።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ሳሊሃን ለኡሙሰልማ አደራ ሰጥቼ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ በዳዴ ነው የወጣው። ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነውን ጥበቡን ታስታውሺው እንደሆን እንጃ፤ ልጅ ሆነሽ እናትሽ የምትሠራበትን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ቀን ድምፅ ማጉያ ሊሠራ ይመጣ ነበር። ካሜራውን ሲያይ፣

«ጋሽ ጣሀ፣ ይኸ ነገር ገና አለ እንዴ?» አለኝ።

«እኔም አለሁ» አልኩት።

መነጽሩን አድርጎ ቀዳዳውን በቴስተር ነካካው። ከሦስቱ መርፌዎች አንዷ የጋራ ናት። ሁለተኛዋ ከእሷ ጋር ስትነካካ ካሜራው አጥርቶ ያያል። ሦስተኛዋ ስትነካካ ያነሳል። ጆሮዬ ላይ ጮክ ብሎ «ካሜራው የሚነካው ጣት ይሁን ሽቦ አያውቅም፤ መገናኘታቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለኝ። «ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ የተበላሸ ባለገመድ መጫኛ ጫፉን ቆርጬ አመጣለሁ፣ ካንተ ተቀባይ ጋር በቀለጠ ሊድ አያይዘዋለሁ፣ በሁለት ሳምንት ተመለስ» ብሎኛል። ካሜራው እሱ ጋ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ እሱ ባዶ እጄን የሆንኩ መሰለኝ። ፎቶ ቤቱን ከዘጋሁ ወዲህ እንኳ በየቀኑ አውጥቼ አብሰው ነበር።

ስለ ጠየቅሽኝ ሌላ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ። አብሽሪ፣ አታስቢ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

ጣሀ

*

ሻርጃ፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጣሀ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበቱ።

ደብዳቤዎን አነበብኩት። ስለ ሽቦው አንድ ገጽ ጽፈዋል። ስለ እናቴ አንድ መሥመር ነው፤ እሱም ባለፈው የጻፉት ያው መሥመር ነው።

አጎቴ፣ እርስዎን መውቀስ አልፈልግም። አባቴ ሲሞት ቀባሪው እርስዎ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ የራስዎን ቤት ትተው እሷ ጋ የገቡ እርስዎ ነዎት። ግን እኔ እዚህ ሰሃን ሳጥብ ከእሷ ጋር እከራከራለሁ። «ማዳም ከለከለችኝ» እላታለሁ፣ «ወጥተሽ ብትጮሂስ?» ትለኛለች። ልጆቹ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይሉኛል።

ካላናገረችኝ፣ ፎቶ ለመነሳት እንኳ የምትቆጣው ለእኔ የሚላክ መሆኑን ስላወቀች ከሆነ፣ ይቅር። አያስገድዷት። ሪሞቱንም ለሚፈልግ ሰው ይስጡት።

ረመዳን ሙባረክ። በዱዓ አይርሱኝ።

ዊዳድ

*

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዊዳድ፣

ፆሙን ተቀብሎ ምሕረቱን ያውርድልን። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ፆመኛ አይዋሽም ብዬ አራተኛውን ያዝኩ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች ብዬ የጻፍኩት፣ ሁለቱም ጊዜ፣ ውሸት ነው። እናትሽ አልተቀየመችሽም። መቀየም ቢሆን ኖሮ እኔ እግሯ ላይ ወድቄ አስታርቃችሁ ነበር። ሳሊሃ ረስታለች፣ ልጄ። መጀመሪያ የረሳችው ቁልፍ ነበር። ከዚያ የሰላት ረከዓ መቁጠር፤ ሁለቴ ትሰግዳለች። ከዚያ አባትሽ መሞቱን ረስታ በጠየቀችኝ ቁጥር እየነገርኳት በየቀኑ አዲስ ለቅሶ ትቀመጥ ጀመር፤ አሁን «መንገድ ሄዷል» እላታለሁ። ሐኪሙ የእርጅና ሕመም ነው፣ መድኃኒቱ አብሮ መቀመጥ ነው ብሏል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አንቺ እዚያ ብቻሽን ነሽ፣ ብነግራት ይህን ይዛ ከማን ጋር ታለቅሳለች ብዬ ደበቅኩሽ። ወላሂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቅያሜ ነው ብለሽ እንደምትቃጠዪ ካወቅኩ በኋላ ግን ዝም ማለቴ ኃጢአት ሆነብኝ።

ካሜራ የምትፈራውም ለዚህ ነው። ካሜራው ፊቴን ሲሸፍነው እኔ እጠፋባታለሁ። «ጣሀ የት ሄደ? ይኸ ሰውዬ ማነው?» ብላ ትጮኻለች።

ጥበቡ ሠርቶ ጨረሰው። ጫፉ ልክ ገባ፤ ተቀባዩ ካሜራው ራስ ላይ እንደ ባርኔጣ ተቀመጠ። ደሴ ሱቁ ውስጥ እኔ በር ላይ ሆኜ ስጫን ከውስጥ ቀጭ አለ። እኔ አልሰማሁትም፤ ጥበቡ እጁን አንስቶ ነገረኝ። እንደ ልጅ ደጋግሜ ተጫንኩት።

ትናንት ረፋዱ ላይ ብርሃኑ ሸጋ ነበር። አግዳሚ ወንበሩን ግቢ አውጥቼ አንቺ የላክሽላትን አረንጓዴ ሻሽ አሰርኩላት። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሪሞቱን ኪሴ ውስጥ ያዝኩ።

«ማነው እዚያ የቆመው?» አለች።

«ካሜራ ነው።»

«ሰው የለውም?»

«የለውም።»

«እንዲያ ከሆነ ይቁም» አለች።

ከዚያ የሻሿን ዘርፍ ይዛ እንደ ልማዷ ክሩን ከክሩ መቀጠል ጀመረች። ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የኖረች ሴት ናት፤ ጣቶቿ አንዱን አልረሱም። እኔ ኪሴ ውስጥ እጫናለሁ። እጄ እንደፈለገ ቢንቀጠቀጥ ካሜራው ዘንድ አይደርስም። ድምፁን ስለማልሰማ ስንት እንዳነሳሁ አላውቅም ነበር። ኋላ ሳየው መቶ አሥር ሆኗል።

መሐል ላይ እንዲህ አልኳት።

«ሳሊሃ፣ ዊዳድን ታውቂያታለሽ?»

«የማን ልጅ ናት?»

«ያንቺ።»

አየችኝና በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። «አንተ! እኔ ገና መች አገባሁና!» አለችኝ። ያኔ ተጫንኩ።

ሰባቱን አሳጥቤ ልኬልሻለሁ። አራተኛው ያ ሳቋ ነው። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፤ ያን ሳልነግርሽ ብልከው ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኝ ነበር።

ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። በቀን የማወራው ከእሷ ጋር ነው፤ እሷም እኔም የተባባልነውን ወዲያው እናጣዋለን። እሷ በመርሳት፣ እኔ በጆሮ። አንቺ ስትጽፊልኝ ግን አነበዋለሁ፤ መልሼም አነበዋለሁ።

አውፍ በዪኝ፤ ይቅር በዪኝ።

ጣሀ

*

ሻርጃ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጣሀ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። መልሴ የዘገየው ከሊድ በመዘግየቱ አይደለም። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ እንቢ አለኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩብዎ። አልደብቅዎትም። ይህን ሁሉ ወር አብራኝ ሰሃን ስታጥብ የነበረችው፣ ስትወቅሰኝ የነበረችው እናቴ የለችም ማለት ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ለማን ልናገረው? ጥፋቴን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ይቅር የሚለኝ ደግሞ የለም።

ሰባቱን ፎቶ አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸው። የምትስቅበትን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ምን ብላ እንደምትስቅ ሳስብ ደግሞ አነሳሁት። ሁለት ቀን ሻንጣ ውስጥ ከረመ። በሦስተኛው ቀን መልሼ ለጠፍኩት። ሃያ ዓመቷ ነው አልኩ፤ ገና አላገባችም፣ የሞተባትም የሄደባትም የለም። እንዲህ ስትስቅ እኔ ልጅ ሆኜም አላየኋት።

እርስዎም በፎቶው ከስተዋል። ኮቱ ሰፍቶዎታል። እርስዎን የሚያየው ማነው፣ አጎቴ? በደብዳቤዎ ስለ እርስዎ ጤና የጻፉት ስለ እጅዎ ብቻ ነው፤ እሱንም ስለ ካሜራው ሲሉ ነው።

ማዳም ለዐረፋ የሃያ ቀን ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ ፓስፖርቴም አሁን በእጄ ነው። እመጣለሁ። ለእናቴ አይንገሯት፤ ቢነግሯትም ያው ነው።

አውፍ ብዬዎታለሁ። እርስዎም ቁጣዬን አውፍ ይበሉኝ።

ዊዳድ

*

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዊዳድ፣

በሰላም መግባትሽን ከሊድ ነገረኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ ከሄድሽ ወዲህ አላቋረጠም። ግቢው ጭቃ ነው። ካሜራውን ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

የዐረፋ ዕለት ሦስታችን የተነሳነውን ልኬልሻለሁ። ሪሞቱን የያዝሽው አንቺ ስለነበርሽ ሁለታችን ወደ ካሜራው ስናይ አንቺ ብቻ አንገትሽን ደፍተሽ ጣትሽን ታያለሽ። ሌላ አላነሳንም። ቢሆንም አሳጥቤዋለሁ።

ሃያውን ቀን አንቺው ስላየሽው አልተርክልሽም። እናትሽ አንድም ቀን ልጄ አላለችሽም። አዲስ ፋብሪካ የገባች፣ ቤት እስክታገኝ እኛ ጋ የተጠጋች ልጅ አድርጋ ነው የተቀበለችሽ። ያን ሁሉ ክር አቀጣጠል ስታሳይሽ፣ «ጣትሽን አታፍጥኚ፣ ቀስ፣ ቀስ» ስትልሽ፣ አንቺም ምንም እንደማታውቂ ሆነሽ ስትማሪ በር ላይ ቆሜ አይቻችኋለሁ። ከዚያ ጓዳ ገብተሽ ፊትሽን ስትታጠቢም አይቻለሁ።

የምጽፍልሽ ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ነው።

ከአውሮፕላን ማረፊያ በተመለስኩ ማግሥት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሳሊሃ ተነስታ በሩን ከፍታ ቆመች። ዝናብ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ» አልኳት።

«ያቺ ልጅ አልገባችም» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«እኔ ጋ የምትተኛዋ። የፈረቃ ሰዓቷ አልፏል። ለምን ቀረች?»

ሄዳለች አልኳት። «የት?» አለች። ሩቅ አልኳት። «ሳትሰናበተኝ?» አለች። ተሰናብተሻት ነበር፤ አንገቷን አቅፈሽ ስንት ደቂቃ እንደቆምሽ እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን አታስታውሰውም።

ነገ ትረሳዋለች ብዬ ነበር። በማግሥቱም አሥር ሰዓት ላይ ተነሳች። በሦስተኛውም ቀን። ይኸው ወር ሊሞላ ነው፣ አንድ ቀን አላለፋትም። ሰዓት የማታውቅ ሴት ይህቺን ሰዓት እንዴት እንዳወቀቻት አልገባኝም። ራት ስናቀርብ ግማሹን ከልላ በሰሃን ትከድነዋለች፤ «ለልጅቷ ነው፣ ደክሟት ነው የምትመጣ» ትለኛለች። ጠዋት ላይ ሳላነሳው ብዘነጋ፣ ሳትበላ ማደርሽን አይታ ቀኑን ሙሉ ትከፋለች። አልጋው ላይም ወደ ግድግዳው ጥግ ብላ የአንቺን ቦታ ትተዋለች። ስምሽን አትጠራም፤ አታውቀውም። ሕመሙ ከያዛት ወዲህ ግን ማንንም ጠብቃ አታውቅም ነበር፤ አባትሽን እንኳ ጠይቃኝ ትተወዋለች እንጂ በር ላይ አትቆምም።

ነይ አልልሽም። እዚያ የያዝሽው እንጀራሽ ነው፤ እኔም እስከቻልኩ አለሁ። በሩ ላይ አብሬያት እቆማለሁ። ጃንጥላውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስለሚንቀጠቀጥ ሁለታችንም እንበሰብሳለን።

ይህቺን ብቻ ጻፊልኝ። ነገም ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ጣሀ

*

ሻርጃ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጣሀ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሊድ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ በአጭሩ እጽፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኮንትራቴን እንደማላድስ ለማዳም ነገርኳት። ተቆጣች፤ ልጆቹ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። የሚቀረኝ ሃያ ሦስት ቀን ነው። እዚያ ምን እንደምሠራ አላውቅም። እሱን ስመጣ እንነጋገራለን።

አሥር ሰዓት ላይ ስትጠይቅዎ ልጅሽ ናት ብለው አያስጨንቋት። ልጅቷ ትመጣለች ይበሏት።

ዊዳድ